በአሥራ ሁለት ይመጣሉ

አገሬ የቢቸናን አዳራሽ በር ለሦስተኛ ጊዜ ደበደበችው። ጓጉንቸሩ ከውጭ እንደተንጠለጠለ እያየች ነው የምትደበድበው፤ ግን አሥራ አንድ ልጆች ከነወላጆቻቸው ከኋላዋ ሆነው ሲያዩዋት እጇን አጣጥፋ መቆም አልሆነላትም።

የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ከሆነች ስድስት ዓመቷ ነው። ለልጆቹ የጥርስ ሐኪም እንዲመጣላቸው ያልጻፈችው ማመልከቻ፣ ያልለመነችው ኃላፊ የለም። ቀበሌዋ ባለበት ቆላ ጥርሱን ያመመው ልጅ ምርጫው ሁለት ነው፤ ወይ ጥርሱን ነክሶ መቻል፣ የሚነክስበት ከተረፈው፤ ወይ የቀጥቃጩ ጉጠት።

ጥቅምት ላይ በስልኳ መልእክት ሲገባ ያለቀሰችው በደስታ ነበር። ተንቀሳቃሽ የጥርስ ሕክምና ቡድን በሚቀጥለው ወር በ12 ቢቸና ይመጣል ይላል። ኅዳር አሥራ ሁለት ማን እንደሆነ በዚህ አገር የሚጠፋው ሰው የለም። የመድኃኔ ዓለም ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ቄሱን አስፈቅዳ፣ በሚካኤል ነው የሚመጡት ብላ ለሕዝቡ ተናገረች። ታቦት በሚወጣበት ቀን መቅጠራቸው ቢያበሳጫትም፣ ከተሜ የገጠሩን በዓል ከየት ያውቀዋል ብላ ተወችው። እናቶቹም የጠመቁትን ጠላ፣ የጠሩትን ዘመድ ትተው ሌሊት ተነሥተው መጡ።

በመጨረሻ ዘበኛው ጋቢውን እየሰበሰበ ከወዲያ በኩል ብቅ አለ። የጥርስ ሰዎቹን ከሆነ የምትፈልጊው መጥተው ሄደዋል፣ ዛሬ ዘጠኝ ቀናቸው ነው አላት። በነጭ መኪና መጡ፣ የሚታጠፍ ወንበራቸውን ዘረጉ፣ እስከ ሰባት ሰዓት ሰው ጠበቁ፣ አንድም ልጅ ዝር ሳይልላቸው ቀረ።

አገሬ በጣቷ ወደ ኋላ ቆጠረች። ኅዳር ሦስት። በፈረንጆቹ አሥራ ሁለት። እነሱ ላይ ይሁን በራሷ ላይ የተናደደችው ለጊዜው ለራሷም አልለየላትም።

ስልክ ደወለች። የቡድኑ አስተባባሪ ትሑት ወጣት ነው፤ ፕሮግራሙ ክሎዝ እንደሆነ፣ ሪፖርቱም እንደተላከ በደንብ አስረዳት። ሪፖርቱ ምን እንደሚል ጠየቀችው።

«በአካባቢው ለሕጻናት የጥርስ ሕክምና ዲማንድ አልተገኘም ነው የሚለው።»

«ዲማንዱ እኮ እዚህ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ እያለቀሰ ነው።»

«ቀኑን በግልጽ ጽፈን ልከናል፣ እህቴ። በአሥራ ሁለት።»

«በአሥራ ሁለት እኮ ነው የመጣነው» አለችው።

አስተባባሪው አዝናለሁ አለ፤ ቢቸና ከሚቀጥለው ዙር መሰረዟንም ነገራት፣ ዲማንድ ወዳለበት መሄድ ስላለባቸው። ስልኩን ዘግታ ስትዞር እናቶቹ ነጠላቸውን ማስተካከል ጀምረዋል። ገጠር ያደገ ሰው እንቢታን ከፊት ያነበዋል፤ ማንም እስኪነግረው አይጠብቅም።

ያልተንቀሳቀሰው አካለ ወልድ ብቻ ነው። የስምንት ዓመት ልጁን ጸደንያን አዝሏታል። ጉንጯ አብጦ አንድ ዓይኗን ሊደፍነው ደርሷል፤ ትኩሳቷ በጋቢው ላይ ይሰማል። ከዘጠኝ ቀን በፊት ይህ እብጠት አልነበረም፤ ጥርሷን ብቻ ነበር የሚያማት። አባትየው ቀጥቃጩን ቤቱ ድረስ ጠርቶት ነበር፤ በሩ ላይ ቆማ፣ በልጅቱ ይሁንብዎ እስከ ሚካኤል ይታገሡኝ ብላ ጉጠቱን ያስመለሰችው አገሬ ናት።

«አያ አካለ ወልድ» አለች። «ጥፋቱ የኔ ነው። ያኔ ቀኑን ሳላጣራ ተናገርሁ።»

«አንቺን አምኜ ነው የመለስሁት» አለ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይቀላት ነበር።

ይህ እብጠት ለነገ የሚባል ነገር እንዳልሆነ ነገረችው። ሞጣ ጥርስ የሚያክም አለ፤ መናኸሪያ እንውረድ፣ እኔም አብሬ እሄዳለሁ፣ ልጅቱ ታክማ እስክትወጣ ካጠገባችሁ አልለይም አለችው።

አካለ ወልድ ልጁን ወደ ላይ ገፋ አድርጎ አመቻቻት። ወደ መንገዱ አየ፣ ከዚያ አገሬን አየ። ሊቀልድ ፈልጎ አልነበረም፤ ተንኮልም በፊቱ ላይ አልነበረም።

«ሞጣስ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» አላት።