ለዘር የተሰጠ ባቄላ

በሰኔ መግቢያ፣ ጎተራው ሁሉ በተራቆተበት ሰሞን፣ የሻረግ ከጎረቤቷ ከእትዬ ደብሪቱ ደጅ ቆመች። በዚያ አገር፣ እናንተዬ፣ የሚበላ እህል መለመን ነውር ነው፤ ዘር መጠየቅ ግን ማንንም አያሳፍርም።

«እትዬ፣ ለዘር የምትሆን አንድ ቁና ባቄላ ባገኝ?»

ደብሪቱ ሳታመነታ ሰፍራ ሰጠቻት። «በሬ ካነሰሽም ላኪብኝ» አለቻት።

ሦስት ቀን ሙሉ የየሻረግ ማሳ ሳይታረስ ዋለ። በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ ነገሩ ደብሪቱን ከነከናትና ሄደች። የሻረግ ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብላለች፤ ቤቱ የባቄላ ንፍሮ ይሸታል።

«አይቆጡኝ እትዬ» አለች መሬት መሬት እያየች። «ልጆቹ በረሃብ ሊያልቁብኝ ሆነ። አመዱን ሦስት ጊዜ አጥቤ ቀቀልኩላቸው።»

ደብሪቱ ድሮ ዘር የምታኖረው በአመድ ለውሳ ነበር። ዘንድሮ ግን ነቀዙ ቢያስቸግራት፣ ከገበያ የገዛችውን ነጭ መርዝ ነስንሳበታለች። መቼም ሊዘራ ነው ብላ ስለ መርዙ ለየሻረግ አልነገረቻትም።

«ልጆቹስ? የት አሉ ልጆቹ?» ብላ ጮኸች።

የሻረግ ፈገግ አለች። «ምነው እትዬ፣ ቀስ ይበሉ እንጂ፣ እንዳይነቁ። ከስንት ቀን በኋላ ዛሬ ጥግብ ብለው ተኙልኝ።»