የይታያል ወይራ

ታረቀኝ መጀመሪያ የመጣ ጊዜ የብርጓል ደጇ ላይ ጤፍ ታበጥር ነበር። የማርቆስ ሰው ነኝ፣ የፑል ዱላ ሠሪ ነኝ አላት። ከውጭ የሚገባው ስለጠፋ አሮጌ ወይራ ፍለጋ በየቤቱ እየዞረ ነው።

«ቆጡ ላይ አንድ አለዎት አሉ።»

አወረደችለት። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ከጫፍ እስከ ጫፍ አየው፤ መሬት ላይ አንከባለለው። ጉጥ የለበት፣ አይነጥር። ለፑል የሚሆነው እንዲህ ዓመት ከዓመት ጭስ የጠጣው ነው፣ እርጥቡ ወር ሳይሞላው ይጎብጣል ሲል አስረዳት። ከዚያ እንጨቱን ጭኑ ላይ አጋድሞ ሲዳብስ ቆየና ዋጋ ጠራላት።

የብርጓል ግን ምን ቆርጧት ትሸጣለች! ቆርጦ፣ ልጦ፣ ቅቤ ቀብቶ የሰቀለው አንድዬ ልጇ ይታያል ነው። ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ከወረደ ሁለት ዓመቱ፣ ድምፁ ከጠፋ ሰባት ወሩ። ወይራውን የሸጠች ቀን ልጇ የማይመለስ ይመስላታል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይበሏት እንጂ አትሰጥም።

በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። ዋጋውን እጥፍ አደረገው። እምቢ ስትለው መሄድ ሲገባው ተቀምጦ ይጠይቃት ጀመር። ብቻዋን ነው የምታድረው? ብትጣራ ጎረቤት ይሰማታል? ወንድም አላት? እሷም የዋህ፣ ወንድሟ ዓባይ ደብረ ኤልያስ እንደሚኖር ሳይቀር ነገረችው። ያቀረበችለትን እንጀራ አንዴ ቆርሶ ተወው።

ሲሄድ ነው ድንጋጤው የመጣባት። ቆጡ ላይ ያለውን ከእሷና ከልጇ በቀር ማን ያውቃል? ይኼ ሌባ ነው፤ ቤቷን አጥንቶ ሊዘርፋት ነው። ወይራውን አውርዳ ከአልጋዋ ሥር ደበቀችው።

ለጎረቤቷ ለያለምወርቅ ነገረቻት። ያለምወርቅ ለወትሮው ሌባ ሲባል መንደሩን የምታስነሣ ሴት ናት። ያን ቀን ግን ዓይኗን ሰብራ፣ ሰሞኑን እኔ አንቺ ዘንድ ልደር አለቻት። የብርጓልም ደግ ጎረቤት መቼም አይጥፋ ብላ መረቀቻት።

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ድምፁ የታረቀኝ ነው። የብርጓል ተናደደች፤ ዛሬስ አናቱን ነው የምለው ብላ ወይራውን ከአልጋው ሥር ስባ ወጣች። ያለምወርቅ ቀድማ ተነሥታ ነበርና በሩን ከፈተችለት።

ከታረቀኝ ኋላ ወንድሟ ዓባይ ቆሟል። ከእሱ ኋላ የነፍስ አባቷና የዕድሩ ሰዎች አሉ፤ ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ።

የብርጓል ወይራውን በሁለት እጇ ለታረቀኝ ዘረጋችለት። «እንካ፣ ውሰደው» አለችው። «ብቻ አትናገር።»