ተሳታፊ ሰባት

ዶክተር ዋቅቶላ ወረቀቱን ለማንም አያምንም። ከሀና ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ ካለው ከቤዚ ኮምፒውተር ቤት ሦስት ጸሐፊዎች መካከል ዶርቃን የመረጣት ዝምተኛ ስለሆነች ነው። ትምህርቷን አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ ብታቋርጥም ፊደል አትስትም፤ ያየችውን ደግሞ አታወራም።

"የሰው ገበና ነው" አላት። "እዚሁ ይጻፍ፣ እዚሁ ይቅር።"

ጥናቱ የሚላከው ለአንድ የአእምሮ ጤና ምርምር መጽሔት ነው። አንዴ ተልኮ ተመልሷል፤ ገምጋሚዎቹ የሴቶቹ ቃል እንዳለ ይግባ ብለዋል። ለዶርቃ የደረሳት ይኸው የሴቶቹ ቃል ብቻ ነበር፤ ሌላውን ዶክተሩ ራሱ ጽፎ ጨርሷል። ጤና ጣቢያ እየመጡ ቃላቸውን የሰጡት ሴቶች አሥራ ሁለት ናቸው። ስም የላቸውም፣ ቁጥር ብቻ።

እስከ ስድስት ድረስ የጻፈው እጇ እንጂ ልቧ አልነበረም። ሰባት ላይ ጣቷ ቆመ።

"ሕፃኑ ሲያለቅስ ደረቴ ይደፈናል። ዐይኔ በርሜሉ ላይ ነው። ክዳኑን በነጠላዬ ጥለት ጠፍሬ አስሬዋለሁ። ቢላዋውን ጤፉ ውስጥ ቀብሬዋለሁ። ያን ቀን የሆነውን ማንም አያውቅም። ልጄ ቢሰማ ቤቱ ይፈርሳል።"

ውሃ በሳምንት አንዴ በሚመጣበት ሰፈር በርሜል የሌለው ቤት የለም። ክዳኑ በነጠላ ጥለት የታሰረ በርሜል ግን ዶርቃ የምታውቀው አንድ ብቻ ነው፤ የራሷን።

ያሰሩት አማቷ ናቸው፣ እትዬ ጸሐይወርቅ። አራስ ሊጠይቁ ከፍቼ እንደመጡ ይኸው ሰባት ወራቸው። ሕፃኑን፣ ምሥጋናን፣ ከጀርባቸው አያወርዱም። ዶርቃ ልታጥበው እንኳ ስትል አጠገቧ ይቆማሉ። ረቡዕ ረቡዕ ደግሞ ግፊቴን ልለካ ብለው እሱኑ አዝለው ጤና ጣቢያ ይሄዳሉ። ቢላዋው የጠፋ ጊዜ "ሌባ ወስዶት ይሆናል" ብለዋት ነበር። ሽንኩርት የሚከትፉት ራሳቸው ናቸው፤ በምን እንደሚከትፉ ግን ዶርቃ አይታ አታውቅም።

አንድ ነገር ደግሞ ትዝ አላት። የአራስነቷ ወራት ጉም ናቸው። ከዚያ ጉም ውስጥ አንዲት ቀን ብቻ ጥርት ብላ ትታያታለች፦ እትዬ ጸሐይወርቅ በርሜሉ ሥር፣ ምሥጋና እቅፋቸው ውስጥ፣ ከነልብሱ ውሃ እያንጠባጠበ። ምን ሆኖ ነው ብትላቸው፣ "ምንም አልሆነም፣ ልጄ። አንቺ ተኚ" ነበር መልሳቸው።

ከሥራ ስትመለስ አማቷ ሕፃኑን ይዘው ደጅ ነበሩ። ቀጥ ብላ ገብታ ክንዷን የጤፉ ማዳበሪያ ውስጥ እስከ ክርኗ ሰደደች። ብረት ነካት።

ከዚያን ዕለት ጀምሮ አማቷ ከጤና ጣቢያ እያመጡ "ለደም ነው" ብለው የሚሰጧትን ክኒን ምላሷ ሥር ይዛ ትተፋው ጀመር። እንቅልፏም በዚያው ጠፋ። ደግነቱ አልደከማትም፤ እንዲያውም ነገር ሁሉ ፍንትው ብሎ ይታያት ገባ።

የሰባትን ገጽ ስታስረክብ እንደ ዋዛ ዶክተሩን ጠየቀችው። "ይቺ ሴትዮ… ሕፃኑ ምን ይሆን ይሆን?"

ዶክተር ዋቅቶላ መነጽሩን አውልቆ ዐይኑን አሸ። "ከሁሉም እሷ ናት የምታሳስበኝ። ብቻዋን ናት፤ የምታማክረው ሰው የላትም። አንድ ቀን…" አለና ተወው።

ባሏ ብሩኬ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ከጅቡቲ መንገድ ለሁለት ቀን ብቅ ይላል፣ ደግሞ ይሄዳል። ሲመጣ ጠብቃ ቢላዋውን ፊቱ አስቀመጠችለት። ወይ እሳቸው ይሄዳሉ፣ ወይ ልጄን ይዤ እወጣለሁ አለችው። ብሩኬ እናቱን ጠየቀ። እትዬ ጸሐይወርቅ ዶርቃን አዩ፣ ከዚያ ልጃቸውን አዩ።

"እርጅና ነው፣ ልጄ። የት እንዳኖርኩት ረስቼ ነው" አሉ። ልብሳቸውን በነጠላ መቋጠር ያዙ።

በማግስቱ ጠዋት ብሩኬ ለፍቼ አውቶብስ ሊያደርሳቸው፣ ከዚያው እሱም ጅቡቲ ሊወርድ፣ አብረው ወጡ። እትዬ ጸሐይወርቅ በር ላይ ሲደርሱ ተመልሰው የዶርቃን እጅ ጥብቅ አድርገው ያዙ።

"ክኒኑን እንዳትረሺ። ክዳኑን አትፍቺው።"

ዶርቃ እስካሁን ድረስ አያፍሩም ብላ እጇን ነጠቀች።

በሩን ዘጋች። ቢላዋውን አነሳችና ጥለቱን ቆረጠችው። ክዳኑ ተነሣ። ውሃው ጸጥ ብሏል፤ የታቀፈችው ልጇ ፊት በውሃው ላይ ከፊቷ አጠገብ ሆኖ ይታያታል። እዚያ ስንት ሰዓት እንደቆመች አታውቅም። ምሥጋና አልቅሶ ነው የመለሳት። አዝላው ወደ ሥራ ወጣች።

"ዛሬስ አለቃሽን አዝለሽ መጣሽ" ብላ ቤዚ ተቀበለቻት።

"ቤዚ፣ ቧንቧው ይንጠባጠባል። ዝጊው እስቲ።"

"የቱ ቧንቧ? ውሃ ከሄደ ሦስት ቀኑ እኮ ነው። እናት ስትሆኚ ጆሮሽም ረዘመ ልበል?" ቤዚ ሳቀች።

ዶክተር ዋቅቶላ እየሮጠ ገባ። ጥናቱ እስከ ስድስት ሰዓት ካልተላከ ቀነ ገደቡ ያልፋል፤ አንድ ገጽ ጎድሏል። መጽሔቱ ርዕሱና የአጥኚው ስም ለብቻ ተጽፎ ይላክ ይላል፣ ገምጋሚዎቹ ሥራው የማን እንደሆነ እንዳያውቁ። ስለዚህ እስካሁን ርዕስ የሚባል ነገር ከዶርቃ እጅ አልገባም ነበር።

"ይቺን ብቻ ጻፊልኝና እንገላገል" ብሎ አንዲት ብጣሽ ወረቀት አቀበላት።

ወረቀቷን ከፊቷ አስደገፈች። ምሥጋና ጀርባዋ ላይ ተኝቷል። እንደ ልማዷ ቃል በቃል እያነበበች መጻፍ ጀመረች፦

"ከወሊድ በኋላ የአእምሮ ሕመም ከገጠማቸው ምራቶቻቸው የልጅ ልጆቻቸውን በድብቅ የሚጠብቁ አማቶች፤ በንፋስ ስልክ ላፍቶ የተደረገ ጥናት።"