ሊዝበን የሚቀረው ቀለም

ሽንኩርቱ ማረሩን አስናቀ ያወቀው ሲሸተው ነው።

"ሲቀላ ጥራኝ ብዬህ አልነበር?" አለች ባለቤቱ ምንትዋብ ከጓሮ ገብታ። ወዲያው ትዝ አላትና ድስቱን ከእሳት አወረደች። ቀዩ ቀለም ከአስናቀ ዓይን ጠፍቶ ኦሳካ ቀርቷል።

አስናቀ ጊታር የሚጫወትበት፣ ሕልም መሰል ሙዚቃ የሚያሰማው ሳይኬደሊክ ባንድ ባሕር ማዶ የተወደደው በቀለማቱ ነበር። ሙዚቃው ሲጀምር አድማጩ ዓይኑን ጨፍኖ የአስናቀን ቀለማት ያያል፤ ኮንሰርቱ ሲያበቃ ግን አንዱ ቀለም እዚያው ከተማ ይቀራል። አረንጓዴውን በርሊን፣ ሰማያዊውን ሊማ ትቷቸው መጥቷል። አሁን የቀረለት ቢጫ ብቻ ነው፤ ዛሬ ከሰዓት ደግሞ ወደ ሊዝበን ይበራል።

"ይቅርብህ" አለች ምንትዋብ።

"መድረክ ላይ ስወጣ ሁሉም ተመልሶ ይታየኛል። ለአንድ ሰዓትም ቢሆን።"

"ልጅህ እዚያ የለችም።"

የሰባት ዓመቷ ማርዳ በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች። አባቷ ከኦሳካ ከተመለሰ ወዲህ ከቢጫ ቀሚሷ ሌላ ለብሳ አታውቅም፤ ማታ አሳጥባ ጠዋት እርጥቡን ታጠልቀዋለች።

"ትሄዳለህ?" አለችው።

"እሄዳለሁ፣ የኔ እናት።"

ወደ ጓዳ ገባች። እሱ ሻንጣውን ሲያነሳ ሌላ ቀሚስ ለብሳ ተመለሰች። አመድ መሰለው፤ ግድግዳውም፣ ፊቷም እንደዚያው ነበሩ።

"ያምርብሻል" አላት።

"ቀለሙ ምንድን ነው?"

ውጭ ታክሲው ክላክስ አደረገ። አስናቀ ወደ ምንትዋብ ዞረ፤ እሷ ግን ጀርባዋን ሰጥታ ያረረውን ድስት ትፈገፍግ ነበር።