ሦስት ደቂቃ በራስ ቋንቋ

አቶ ደረሰ ቦጋለ አውቶቡስ አይሳፈሩም። ሪችፊልድ ውስጥ በጥር በረዶ በእግሩ የሚሄድ ሰው ወይ መኪናው ተበላሽቷል ወይ ጤና የለውም ይባላል፤ እሳቸው ግን ጤነኛ ነበሩ። የአውቶቡስ መስታወት በትንፋሽ ሲደበዝዝ ልጆች መዳፋቸውን ይለጥፉበታል። ያንን ማየት አይችሉም ነበር።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆች 1996 ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነጻ የእንግሊዝኛ ትምህርት ይሰጥ ነበር። አቶ ደረሰ አየር ማረፊያው አጠገብ የመኪና ማቆሚያ ዘበኛ ናቸው። ማንበቡ አላስቸገራቸውም፤ መስማቱ ነው አልገባ ያላቸው።

የመምህርቷ ዘዴ ቀላል ነው። ቋንቋቸው የማይገናኝ ሁለት ሰዎችን ታጣምራለች። አንዱ በመጀመሪያ ሦስት ደቂቃ በራሱ ቋንቋ ያወራል፣ ሌላው ዝም ብሎ ያዳምጣል። ከዚያ ያንኑ በእንግሊዝኛ ይሞክራል። «ሰው በራሱ ቋንቋ ያላሰበውን በሰው ቋንቋ አይናገርም» ትላለች።

በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ሙሉ ስሙን ደረቱ ላይ ለጠፈ። የዕለቱ ልምምድ እየዞሩ የሌላውን ስም ማንበብ ነበር። ሊዲያ የምትባል ወጣት የአቶ ደረሰን ስም ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ከስፓኒሽ ተናጋሪዎቹ ጠረጴዛ ወንበሯን ይዛ መጣችና ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

ከማያሚ መጣሁ አለች። አቶ ደረሰ «ዶሚኒካን ትሆናለች» አሉ በልባቸው። የአከራያቸው ሚስት ዶሚኒካን ናት፤ መልካቸውም ይመሳሰላል። ሊዲያ በተራዋ በስፓኒሽ የተጻፈ የሱፐርማርኬት የቅናሽ ወረቀት እያመጣች እንቁላሉንና ሳሙናውን ጮክ ብላ ታነባለች። አቶ ደረሰ ሲገቡ ከወንበሯ ብድግ ትላለች። የስፓኒሽ ሰዎች ጨዋዎች ናቸው ማለት ነው።

በሦስተኛው ቅዳሜ ርእሱ «በሥራ ቦታ ያጠፋሁት ጥፋት» ሆነ። አቶ ደረሰ ስለ መኪና ቁልፍ ሊያወሩ ነበር ያሰቡት። አፋቸው ግን ሌላ ነገር ይዞ ወጣ።

«ሐረርጌ ጸሐፊ ነበርኩ» አሉ። «የጦርነት ልጆችን፣ ወላጅ የሌላቸውን፣ መዝግባችሁ ላኩ ተባልን። ባሕር ማዶ ተወስደው ይማራሉ። ራሺያ ይሁን ጀርመን፣ በየትኛው ቋንቋ እንደሚማሩም፣ የነገረን የለም። አርባ ልጅ አምጡ አሉን። እኔ ያገኘሁት ሠላሳ ዘጠኝ ነበር።»

ሊዲያ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገች። ጉንፋን ሳይዛት አልቀረም።

መምህርቷ አጨበጨበች፤ ተራው የእንግሊዝኛ ነው። «አንድ ቀን ለአንድ ሰው የሌላ ሰው ቁልፍ ሰጠሁ» አሉ አቶ ደረሰ።

«ይቅርታ ጠየቁ?» አለች ሊዲያ፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ።

«ጊዜ አላገኘሁም።»

ያን ቀን ወደ ቤታቸው ሲሄዱ እግራቸው ቀለላቸው። ለንስሐ አባታቸው እንኳ ያልነገሩት ነገር ነበር። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ፊት አውጥተው ሊሉት ፈልገዋል፤ የሚሰማ ሰው ፊት ግን ፈሩ። ለማይሰማ ጆሮ መናገር እንዲህ የሚያሳርፍ መሆኑን ማን ነገራቸው!

ችግሩ አቤኔዘር ነው። አቤኔዘር የአዲስ አበባ ልጅ ነው፣ ታክሲ ነጂ፤ በቀጣዩ ጠረጴዛ ከአንድ ሜክሲኳዊ ጋር ይቀመጣል።

«ጋሽ ደረሰ፣ በዚህ ብርድ በእግርዎ? ራይድ ልስጥዎት እንጂ» አላቸው አንድ ቅዳሜ። ቀጥሎ፣ «ሲያወሯት ፊትዎ ይለዋወጣል። ምን እየነገሯት ነው?»

«ስለ በረዶው ነው።»

«ሐረርጌ ሲሉ የሰማሁ መሰለኝ። እናቴ እኮ የዚያ አገር ሰው ናት። እዚያ ሠርተው ያውቃሉ?»

አቶ ደረሰ «በጭራሽ» አሉና ኮታቸውን ለበሱ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ድንችና ስለ ስልክ ብቻ አወሩ። አቤኔዘር ወንበሩን በገፋ ቁጥር ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ሊዲያ ግን አንገቷን አስግጋ፣ ድንቹንም ስልኩንም እስከ መጨረሻው ታዳምጣለች። አንድም ቅዳሜ አልቀረችም።

በመጋቢት የመጀመሪያ ቅዳሜ አቤኔዘር አልመጣም። ጓዙን ጠቅልሎ ሲያትል ገባ ተባለ። አቶ ደረሰ በረጅሙ ተነፈሱ። ርእሱ «ይቅርታ» ነበር።

«አርባኛዋን ከገበያ ወሰድኳት» አሉ። «ጋዲሴ ትባላለች፤ ስድስት ዓመቷ ነው። እናቷ ውሃ ልትቀዳ ሄዳ ነበር። ‹እናትም አባትም የላትም› ብዬ ጻፍኩ። ስሜን ጽፌ ፈረምኩበት፤ ወረቀቱም አብሯት ሄደ። አውቶቡሱ ሲነሣ መዳፏን መስታወቱ ላይ ለጠፈችው። እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።»

ሊዲያ የቅናሽ ወረቀቷን አጥፋ ወደ ጎን አስቀመጠች።

«እናትየዋ ቢሮዬ መጣች። ‹ልጅሽ ፈንጂ ረግጣ ሞታለች› አልኳት። ድንኳን ተጣለ። እኔም ለቅሶ ደረስኩ፤ አብሬ አለቀስኩ፣ ንፍሮውንም ዘግኜ በላሁ።»

ሊዲያ ውሃ በወረቀት ኩባያ ቀድታ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው።

«ዓምና ከአገር የመጣ ሰው አይቷታል። መንደሯን ለቃ ሌላ ከተማ ቅቤ ትሸጣለች። ዛሬም ጥቁር እንደ ለበሰች ነው። የከተማውን ስም ነግሮኛል፤ እኔ ግን ለራሴ እንኳ አልጠራውም።»

መምህርቷ አጨበጨበች። አቶ ደረሰ በእንግሊዝኛ «ይቅርታ» አሉ።

ተራው የሊዲያ ሆነ፤ እንደ ደንቡ፣ መጀመሪያ በራሷ ቋንቋ።

«እናቴ ያለችበትን ከተማ ንገረኝ» አለች፣ በአማርኛ።