ሣጥኑ ሲያቃስት

ወይዘሮ አሰለፈች ከማክሰኞ ጀምረው «ይህ ሣጥን ድምፁ ተለውጧል» ቢሉ ቢሉ ጆሮ የሰጣቸው የለም። ዛሬ ዓርብ ነው። ኮምፒውተሩ ከጧት ወዲህ አራት ጊዜ በርቶ አራት ጊዜ ጠፍቷል፤ ልጃቸው ፍሬሕይወት ግን የጠየቀችው እናቷን ሳይሆን ዋልልኝን ነው።

ኮምፒውተር ሠሪው ዋልልኝ መሬት ላይ ተንበርክኮ፣ ሣጥኑን እንደገና አብርቶ፣ ሆድ ዕቃውን በስልኩ መብራት ያያል። የጎን ክዳኑ «ይሞቃል» ተብሎ ከወለቀ ከርሟል።

«ማዘርቦርዱ ሳይሆን አይቀርም» አለ። «ባሕር ዳር መላክ ነው። መኪና ከተገኘ በሳምንቱ ይመለሳል።»

ፍሬሕይወት ራሷን ያዘች። ጠረጴዛዋ ላይ የሚተየብ የተመራቂ ተማሪዎች ወረቀት ተከምሯል፤ ሳምንት የሚጠብቅ ተማሪ የለም፣ ማዶ ሌላ ፎቶ ኮፒ ቤት አለ። ይህቺን ባለ አንድ ክፍል ሱቅ የከፈተቻት ሰባት ዓመት ቤሩት የሰው ቤት ጠርጋ ነው።

«ባሕር ዳር ምን ያደርጋል» አሉ ወይዘሮ አሰለፈች በሩ ሥር ከተቀመጡበት፣ እንዝርታቸውን ሳያቆሙ። «እዚያ ውስጥ የሚዞረው ነገር ተይዟል ብያለሁ።»

«ፋኑን ነው የሚሉት እማማ? ይዞራል እኮ። ያውልዎ።»

«አሁንማ ይዞራል። እኔ አሁን መቼ አልሁ።»

«አንቱ ደግሞ ኮምፒውተር መቼ ተማሩ?»

«አንተስ ተምረህ ይኸው በእንብርክክህ ነህ።»

«እማዬ ተይው፣ ይሥራበት» አለች ፍሬሕይወት።

ይህ «ተይ» ሰሞኑን በዝቷል። ደንበኞች ከልብሳቸው ላይ የጥጥ ብናኝ እያራገፉ ሲወጡ ፍሬሕይወት «ቤት ሆነሽ ብትፈትዪ ምናለ» ብላ ሁለት ጊዜ ተናግራለች፤ ሦስተኛው እንደማይቀር ወይዘሮ አሰለፈች ያውቁታል። ቤት ማለት ከአንበሳሜ ገጠር ልጃቸው ዘንድ ሲመጡ የገቡበት የኪራይ ክፍል ነው። ከግቢው ሰው አንድም አልለመዱም፤ ከጧት እስከ ማታ ግድግዳ ማየት ነው። እዚህ ግን በሩ ላይ ሰው ያልፋል፣ ባጃጅ ይንጫጫል፣ ሰላም የሚል አይጠፋም፣ የሚሰደብም አይጠፋም።

«ቆይ፣ እንዳታጠፋው» አሉት ዋልልኝን። «እጅህን ሰብስብና ስማ።»

ዋልልኝ ለወጉ ያህል ቆየ። ፋኑ መጀመሪያ ልስልስ ብሎ ዞረ። ቆይቶ ድምፁ ወፈረ፤ ከዚያ ያቃስት ጀመር፣ ክሩ ሥሩ ላይ እንደተጠመጠመበት እንዝርት እያነከሰ። ከዚያ ቆመ። ጥቂት ቆይቶ ስክሪኑ ጨለመ።

ዋልልኝ ከፋኑ ሥር ያለውን ብረት በጣቱ ነካ አድርጎ ቶሎ አነሣ። «ግሏል» አለ፣ ፊቱን ወደሳቸው ሳያዞር።

«እህ?»

«ፋኑ ነው። ግን ሞቷል። ለዚህ አሮጌ ዕቃ ደግሞ አዲስ ፋን ደብረ ታቦር አይገኝም።»

«የሞተ ነገር ነው አሁን ሲዞር የነበረው? ፍታና ወዲህ በለው።»

ዋልልኝ ፍሬሕይወትን አየ። እሷም «ስጣት» አለች።

ከሶኬት ነቅሎ፣ አራቱን ብሎን ፈትቶ ፋኑን መዳፋቸው ላይ አኖረላቸው። ወደ ጆሯቸው አስጠግተው በጣታቸው ገፋ አደረጉት፤ ግማሽ ዞሮ ተያዘ። ከክንፎቹ ሥር፣ ዘንጉ የሚገባበትን ጎድጓዳ ቦታ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ዳሰሱ። አንድ ነገር ጥፍራቸው ላይ መጣ።

ክር ነው። ዓይናቸው ሳያየው እጃቸው አወቀው፤ ቀጭን፣ ጠበቅ ተደርጎ የከረረ፣ የትም ቦታ ወፈር ያላለ። በዚህ ሰፈር እንዲህ የሚፈትል ሌላ ሰው የለም።

ዋልልኝ ብሎኖቹን ይለቅማል። ፍሬሕይወት ስልክ ይዛ አንዱን ተማሪ «እስከ ሰኞ ብቻ ታገሠኝ» እያለች ትለምናለች። ቀላሉ ክሩን ጎትቶ መዳፍ ውስጥ መጠቅለል ነው። «ጸጉር ነው» ቢሉ ማን ይመረምራል? ፍሬሕይወት ራሷ ላይ የምትቀጥለው ጸጉር እንደሆነ ወለሉን ሞልቶታል።

ጎተቱት። ክሩ እየተተረተረ ወጣ፣ የጠቆረ ጥጥ አስከትሎ፤ ክንድ የሚያህል ነው። ጠረጴዛው ላይ፣ ሁለቱም የሚያዩበት ቦታ አኖሩት።

«የኔ ፈትል ነው» አሉ። «ሌላ ሰው ላይ እንዳታላክኩ።»

ዋልልኝ ክሩን አየ፤ እግራቸው ሥር ያለውን የጥጥ ቅርጫት አየ። ፋኑን ቦታው መልሶ አሰረ። ሲያበራው ድምፁ ወጥ ሆነ። ሦስቱም አዳመጡ። ቅድም የቆመበት ጊዜ አለፈ፤ ስክሪኑ እንደበራ ነው።

«ዘይት ጠብ ላድርግበት?» አለ ዋልልኝ። የሚጠይቀው እሳቸውን ነው።

«አድርግበት። ትንሽ። የወጥ ዘይት ደግሞ እንዳትጨምርበት።»

ፍሬሕይወት ክሩን በሁለት ጣቷ አንሥታ ቆማለች። «እማዬ» ብላ ጀመረች።

«አውቄዋለሁ፣ አትድከሚ። ጥጡ ከነገ ጀምሮ ቤት ይውላል።» እንዝርታቸውን ቅርጫቱ ውስጥ ከተው ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እኔ ግን ቤት አልውልም። ነገ ኪዳን አድርሼ እስክመለስ ትጠብቂኛለሽ። ጥለሽኝ ወደዚህ እንዳትመጪ።»