ሜኑው ላይ የሌለችው ሴት

ባልየው በዚህ ሰሞን ጠባዩ ተለውጧል። የማተሚያ ቤት አራሚ ነው፤ ቤቱ ተቀምጦ ከሰው መጽሐፍ ስህተት ይለቅማል። ድሮ በሩን ከፍቶ ነበር የሚሠራው፤ አሁን ይዘጋዋል። ወንበር ከቦታው ፈቀቅ ካለች ቤቱን በአንድ እግሩ ያቆማል። ሚስቱ ፀጉሯን እንደ ወንድ አጭር ተቆርጣ ስትመጣ ግን ትንፍሽ አላለም።

እሱንስ ችላው ነበር። ነገር የመጣው ማክሰኞ ዕለት ሻይ ይዛ ስትገባ ነው። የእግሯን ኮቴ ሰምቶ ነው መሰል ስክሪኑን አጥፍቶታል። ጆሮው ላይ ካለው ማዳመጫ ግን የሴት ድምፅ ይሰማል፤ ያለ ፋታ ታወራለች።

"ማን ናት?"

ክው አለ። "ማንም" አላት፤ ሻዩን ሲቀበልም ግማሹን ወለሉ ላይ ደፋው።

የአሥራ አንድ ዓመት ትዳር ነው። ከቁጣው ይልቅ ፍርሃቱ ባሰባት።

ሐሙስ ባልየው በጎረቤት መኪና ወደ ማተሚያ ቤቱ ሲሄድ ታናሽ ወንድሟን ጠራችው። ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው፤ የባሏን ኮምፒውተር እንዲፈትሽላት አስቀመጠችው።

"እታለም፣ ሜኑው ላይ፣ የፕሮግራሞቹ ዝርዝር ውስጥ፣ እንግዳ ነገር የለም" አላትና ትንሽ ጎርጉሮ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ።

"ምን አገኘህ? ተናገራ!"

"አንድ ፕሮግራም አለ። ባልሽ ራሱ አውርዶ በእጁ ነው የጫነው፤ እንዲህ የተጫነ ሜኑው ላይ ላይወጣ ይችላል። የፎልደሩ ስም ደግሞ... የሴት ስም ነው።"

"አላልኩህም!"

"ልክፈተው?"

"እጅህን አንሳ! ገመናዬን አንተ ፊት አልሰማም። ሜኑው ላይ አውጣልኝና ሂድ፤ ራሴ እከፍተዋለሁ።"

ወንድምየው አጭር ፋይል ፈጥሮ ፕሮግራሙ ያለበትን ቦታ ጻፈበት፤ ምልክትም መረጠለት።

"ስሙን ምን ልበለው?"

"ውሽማ በለው።"

"እንዴ! እሱ ቢያየውስ?"

"ይየው!"

እየሳቀ ጻፈው። ሜኑውን ሲከፍት ውሽማ ከካልኩሌተሩ በታች ጉብ ብላለች።

ሚስትየው ብቻዋን ስትቀር በሩን ቆለፈች። የማዳመጫውን ገመድ ነቀለች። ስሙን ተጫነችው።

ሴትዮዋ ረጋ ብላ ጀመረች፦ "እንኳን ደህና መጡ። ማየት አያስፈልግዎትም፤ ስክሪኑ ላይ ያለውን ሁሉ እኔ አነብልዎታለሁ።"